ተወዛዋዥም መድረክ ላይ ይሸምግል

ለከተማችን የባህልና የኪነ ጥበብ ሥራ ኃላፊዎች፣ ለክፍለ ከተማችን አስተዳደር፣ የዳንስ ቡድን ለምትመሩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ለዘመናዊ ዳንስ ባለሙያዎች የሥራ ውል፣ ጡረታና የመለማመጃ ወለል ስለ መጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከቦሌ አራብሳ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በዘመናዊ ዳንስ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ዘመኔን ያሳለፍኩት የቡድናችን ዋና ተወዛዋዥ ሆኜ ነው። ዛሬም ሥራ ሲገኝ መድረክ ላይ እወጣለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ደግሞ በኮንዶሚኒየማችን ኮሙናል ውስጥ የሰፈሩን ልጆች አስተምራለሁ። የማመለክተው ስለ ራሴ ብቻ አይደለም። አብረውኝ የጀመሩት፣ አንዳንዶቹም ከእኔ የተሻሉ የነበሩት፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው ከመድረክ የወረዱበትን ምክንያት ስለማውቅ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ሰው ሁሉ የተወዛዋዥ ዘመን የሚያልቀው ጉልበት ሲደክም ይመስለዋል። ቤተሰብ «ልጅነትሽ ሳያልፍ ሌላ ሥራ ፈልጊ» ይላል፤ አሠሪም ቢሆን ገና በሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለችን ልጅ «ከእንግዲህ ብታሠለጥኚ ይሻላል» ይላታል። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ከእኩዮቼ አንዱ የሄደው የቤት ኪራይ መክፈል ስላቃተው ነው። አንዷ ወልዳ ስትመለስ ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቶ ጠበቃት። ሌላው ልምምድ ላይ ጉልበቱን ተጎዳ፤ ያሠራው ሰው «የተስማማነው ለትርኢቱ ቀን ነው፣ ልምምዱ አይመለከተኝም» ስላለው ሕክምናውን በእህቱ ደመወዝ ጨርሶ ዛሬ ታክሲ ይነዳል። አርጅቶ የወረደ አንድም የለም።

የረጅም ዘመን ተወዛዋዥ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከሩቅ አገር አንድ ሰው ልጥራ። ዳድሊ ዊሊያምስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1938 ኒው ዮርክ ተወለደ፤ በታዋቂዋ አሜሪካዊት የዘመናዊ ዳንስ ባለሙያ በማርታ ግራሃም ቡድን ውስጥ ሠራ፤ በ1964 ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊው የዳንስ አዘጋጅ አልቪን ኤሊ በ1958 ወደ መሠረተው የዳንስ ቡድን ገባ። ከዚያ ቡድን መድረክ የተሰናበተው በ2005 ነው። አርባ ዓመት! ሲሰናበት ዕድሜው 66 ነበር፤ በእኛ አገር አንድ ሠራተኛ በጡረታ ከሚገለልበት ዕድሜ ስድስት ዓመት አልፎ ማለት ነው። ግዙፍ ሰው አልነበረም፤ ቀጭን ነው፣ ተመልካችን በጡንቻ የሚያስደነግጥ ዓይነት አይደለም። የሚታወቀው ሙዚቃውን በሰውነቱ በማዜም ነበር። ኤሊ በ1972 ብቻውን የሚሠራው ረጅም ሥራ አዘጋጀለት። በስተርጅናውም ከካርመን ዴ ላቫላድና ከጋስ ሰሎሞንስ ጋር ሆኖ አንጋፋ ተወዛዋዦች የሚሠሩበት ሌላ ቡድን መሥርቷል። በ2015 አረፈ።

ከእሱ አንድ ዓመት ዘግይታ፣ በ1965፣ እዚያው ቡድን የገባችው ጁዲት ጃሚሰን ናት። ኤሊ በ1971 ለእናቱ የልደት ስጦታ ብሎ ያዘጋጀውን ሥራ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻዋን መድረኩን ይዛ ትሠራው ነበር። ዳንስ ለማያውቅ ሰው ሩብ ሰዓት አጭር ይመስላል። ሞክሮት የሚያውቅ ግን እስትንፋስ ሳይጨርሱ፣ ፊትን ሳያኮማትሩ፣ መጨረሻው ላይ ከመጀመሪያው በላይ ኃይል ይዞ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ኤሊ በ1989 ሲያርፍ ቡድኑን ተረክባ እስከ 2011 መራችው። በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከዚህ ዓለም በሞት ስትለይ የ81 ዓመት ሴት ነበረች። አንድ ተወዛዋዥ ከአዳራሹ ጥግ ተነሥቶ የቡድኑ መሪ እስከመሆን የሚደርስበት መንገድ ክፍት ከሆነ እንዲህ ያለ ዕድሜ ይገኛል።

«እነሱ ሀብታም ስለሆኑ ነው» የሚል መልስ እንደምሰማ አውቃለሁ። የኤሊ ቡድን ግን በ1970 ገንዘብ አጥቶ ሊበተን ደርሶ ነበር። ጥቁር ተወዛዋዦች በየመድረኩ ቦታ በሚነፈጉበት ዘመን የተቋቋመ ቡድን እንጂ በወርቅ ላይ የተቀመጠ አልነበረም። ካቆዩት ነገሮች መካከል ለሰው ዕድሜ የሚመጥን ሥራ ማዘጋጀቱና ከጎኑም ትምህርት ቤት መክፈቱ ይመስሉኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የማያምነኝ ነገር ይህ ስለሆነ። በሃያ ዓመቴ ከፍ ብዬ እዘል ነበር፤ አወራረዴን ግን አላውቅም። አየር ላይ ሳለሁ ስለ ጭብጨባው አስብ ነበር። በአርባዎቹ ውስጥ ዝላዩ ቀንሷል፤ በምትኩ ክብደቴን ወለሉ ላይ የት እንደማሳርፈው፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለብኝ፣ አንድን እጅ ለማንሳት ምን ያህል ጊዜ መውሰድ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ወጣት ተወዛዋዥ ዝምታን ይፈራል፤ ባዶ ቦታ ካየ በእንቅስቃሴ ይሞላዋል። ሐዘንን የሚያሳይ ሥራ ሲሰጠው ሐዘንን በፊቱ ይሠራዋል። ዘመድ የቀበረ፣ ወልዶ ያሳደገ፣ ያጣ ሰው ግን ከጀርባው ብቻ ይታወቃል። ትከሻው ላይ ያለው ነገር ከልምምድ አይገኝም። ስለዚህ ተወዛዋዥን በሠላሳ ዓመቱ ስንሸኝ የምናጣው ገና መብሰል ሲጀምር ያለውን ሰው ነው።

ይህን ደግሞ ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም። ሰርግ ቤት ሂዱና እዩ። ወጣቶቹ ሲዘሉ ሲጨፍሩ ቆይተው አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መሀል ሲገቡ ክቡ ይሰፋል። ብዙ አይንቀሳቀሱም። ትከሻቸውን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚያነሱት፤ እልልታው ግን ቤቱን የሚያናጋው ያኔ ነው፤ ብር ግንባራቸው ላይ የሚለጠፈውም ያኔ ነው። «አረጁ፣ ይቀመጡ» ያለ ሰው አላየሁም። በቤተ ክርስቲያንም ያለውን ተመልከቱ። አቋቋም ዳንስ ነው ማለቴ አይደለም፤ አገልግሎት ነው፤ ክብሩም ሌላ ነው። ነገር ግን መቋሚያና ጸናጽል ይዞ በዜማ ልክ መንቀሳቀስ እንደ ጎንደር በአታ ባሉ ጉባኤ ቤቶች ብዙ ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ነው፤ ወረቡን ከፊት ቆመው የሚመሩት ሊቃውንትም ጢማቸው የነጣ አባቶች ናቸው። በዚህች አገር የሰውነት ጥበብና ሽምግልና ተጣልተው አያውቁም። የተጣሉት እኛ ባዘጋጀነው ዘመናዊ መድረክ ላይ ነው።

ዘመናዊ ዳንስ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር (የዳንስ አዘጋጅ) ሮይስተን ማልዱም ከመቶ በላይ ከሚሆኑ የከተማችን የጎዳና ልጆች ጋር ትልቅ የመድረክ ሥራ ሠርቶ አሳይቷል። ከዚያ ጅማሬ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ፤ ልጆቹ ለዓመታት ሠልጥነው ሙያተኛ ሆኑ፤ ለሌሎችም አስተማሩ። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር በሰዓት ሠሪው ኩባንያ በሮሌክስ የአማካሪና የተማሪ መርሐ ግብር እንዲሠራ ተመረጠ። መንገድ ላይ ያደሩ ልጆች ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ቆመዋል። እኔም በዚያ ዘመን ነው ይህ ሥራ ሙያ ሊሆን እንደሚችል የገባኝ። ዛሬ ያ ትውልድ በአርባዎቹ ውስጥ ነው። ይህች ከተማ ዘመናዊ ዳንስን ከሥሩ የሚያውቁ፣ በዕድሜም የበሰሉ ባለሙያዎች ሲኖሯት ምናልባት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ልናሰናብታቸው የምንቸኩለው አሁን ነው።

ስለ ውልና ስለ ጡረታ ልናገር። ሕግ የለም ብዬ አላማርርም፤ ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ተጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ቀጥሏል፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል፤ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ዓመት ሲሞላው የጡረታ አበል ያገኛል። በብሔራዊ ቲያትርና በሀገር ፍቅር ያሉ ተወዛዋዦች የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ወር ሲደርስ ደመወዝ አላቸው፣ የአገልግሎት ዘመናቸውም ይቆጠራል። የዘመናዊ ዳንስ ተወዛዋዥ ግን የሚኖረው በየፕሮጀክቱ ነው። ገንዘብ ሰጪ ሲገኝ ለሁለት ወር ይጠራል፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ አይቆጠርም። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራ ሰው በወረቀት ላይ አንድ ቀንም ያልሠራ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የእኔ የሥራ ታሪክ ማስረጃ የትርኢት በራሪ ወረቀቶችና ፎቶግራፎች ናቸው። እነሱን ይዤ የትኛው መስኮት ላይ ልቁም?

ሌሎች አገሮች ይህን በየመንገዳቸው መልሰውታል። በፓሪስ ኦፔራ የባሌ ተወዛዋዥ በ42 ዓመቱ በጡረታ ይሰናበታል፤ የእሱ ሰውነት እንደ ጸሐፊ ሰውነት እንዳልሆነ ሕጉ ያውቃል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ተወዛዋዦች ወደ ሌላ ሙያ ሲሸጋገሩ የሚደግፍ ፈንድ አላቸው። እኛም የመከላከያ ሠራዊት አባላትን የጡረታ ዕድሜ በማዕረግ ለይተን እንወስናለን፤ ማለትም ሥራና ሰውነት አብረው መታየት እንዳለባቸው አገራችን ቀድሞም ታውቃለች። እኔ የምጠይቀው በ42 እንዲያሰናብቱን አይደለም። መቆየት የሚችል እንዲቆይ፣ የማይችልም በክብር እንዲሸኝ ነው፤ ለሁለቱም መጀመሪያው የተቆጠረ አገልግሎት ነው። የቡድን መሪዎች ሆይ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ገንዘብ ሰጪ ጋ ስትቀርቡ በበጀታችሁ ውስጥ የአዳራሽ ኪራይ፣ የአልባሳት፣ የፖስተር ወጪ ትጽፋላችሁ። 11 በመቶውንም ጻፉ። ልምምዱንም እንደ ሥራ ቀን ቁጠሩ፤ ጉዳት የሚደርሰው በብዛት ልምምድ ላይ ነውና።

አሁን ወደ ወለሉ ልምጣ። ይህ ለኃላፊዎች ትንሽ ነገር እንደሚመስል ይገባኛል፤ ለእኛ ግን የዕድሜ ጉዳይ ነው። ተወዛዋዥ ዘሎ ሲወርድ ወለሉን የሚመታው ከሰውነቱ ክብደት ብዙ እጥፍ በሆነ ኃይል ነው። ወለሉ ሊሾ ከሆነ ያ ኃይል መሄጃ ስለሌለው ወደ ተረከዝ ጅማት፣ ወደ ቅልጥም፣ ወደ ጉልበት፣ ወደ ወገብ ይመለሳል። በአንድ ቀን አይታወቅም። አምስት ዓመት ቆይቶ ቅልጥም ላይ ስንጥቅ ይሆናል፣ ጉልበትም ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። በከተማችን የክረምት ብርድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጡንቻ ሳይሟሟቅ ሲሚንቶ ላይ መዝለል ምን ያህል እንደሚጎዳ የሰፈሬ ልጆች ገና አያውቁትም፤ እኔ ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝላይ አላስተምራቸውም። የምናሠለጥነው ልጅ በሃያ አምስት ዓመቱ እንዲወድቅ ከሆነ ለምን እናሠለጥነዋለን?

መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ሞራሌ ተደርድሮና ተርበርቦ፣ ከሥሩ እየተቆረጠ የሚገባ ጎማ ተቀምጦ፣ ከላይ ኮምፔንሳቶ በድርቡ ከተመታ ወለሉ እግር ሲያርፍበት ትንሽ ሰጠት ይላል፣ መልሶም ያነሳል። ላዩ ላይ የማያንሸራትት የፕላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፋል። ማንኛውም የሰፈር አናጢ ይሠራዋል። ከአንድ ትልቅ በዓል የድንኳን፣ የድምፅ ማጉያና የመድረክ ወጪ ጋር ሲነጻጸር የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ በደንብ ከተያዘ ደግሞ ለዓመታት ያገለግላል።

ለምን ዳር ከተማ? መሀል ከተማ ያሉት ቲያትር ቤቶች አይበቁም ወይ? አይበቁም፤ ርቀት ራሱ የሙያ ዕድሜ ይቀንሳል። ሰው ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ወጥቷል። ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች የሚያድጉባቸው ሰፈሮች ናቸው። ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ታክሲ ተሰልፎ መጠበቅ ነው። ልምምድ አምሽቶ ከመገናኛ ወደዚህ የሚመለስ ተወዛዋዥ በማግሥቱ ጠዋት ሰውነቱ አልተጠገነም። ለአንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ ወላጅ አይፈቅድም፣ ትክክልም ነው። ኮሙናላችንን የማኅበሩ ኮሚቴ በቅንነት ሰጥቶናል፤ አመሰግናለሁ። ግን ኮሙናል የሰርግም፣ የሐዘንም፣ የእርድም ቤት ነው። ሐዘን ሲኖር ትምህርት ይቀራል፤ መቅረትም አለበት።

ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ለዚህ ሥራ አያንስም። ዠርሜን አኮኚ እ.ኤ.አ. በ1944 የተወለደች፣ የአፍሪካ ዘመናዊ ዳንስ እናት የምትባል ሴት ናት። ትምህርት ቤቷን የሠራችው በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር መሀል ሳይሆን ቱባብ ዲያላው በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ከልምምድ አዳራሾቹ አንዱ ወለሉ አሸዋ ነው። ከመላው አፍሪካ ተወዛዋዦች ወደዚያች መንደር ይሄዳሉ። እሷም ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላ ብቻዋን መድረክ ላይ ወጥታ ሠርታለች፤ በ2021 በጣሊያን የሚካሄደው የኪነ ጥበብ ዝግጅት፣ የቬኒስ ቢየናሌ፣ በዳንስ ዘርፍ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ሰጥቷታል። ረጅም ዕድሜዋና ያ ወለል የተለያዩ ታሪኮች አይመስሉኝም።

ስለዚህ ክቡራንና ክቡራት፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። በየዳር ሰፈሩ ከተሠሩት ሁለገብ አዳራሾችና የወጣት ማዕከላት መካከል በየክፍለ ከተማው ቢያንስ አንዱ ላይ የእንጨት ወለል ይነጠፍ፤ ጠዋት ጠዋት፣ ስብሰባ በማይኖርበት ሰዓት፣ ለዳንስ ትምህርት ይከፈት። የሚያስተምሩትም በጎ ፈቃደኞች ብቻ ሳይሆኑ መድረክ ላይ የኖሩ አንጋፎች ይሁኑ፤ በጽሑፍ ውል፣ ጡረታቸው እየተቆጠረ። የከተማ በዓላት ሲዘጋጁ ወጣት ተወዛዋዥ ብቻ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ማውጣት ይቅር፤ ዕድሜ መስፈርት አይሁን። እስከ ዛሬ ያለ ወረቀት የሠሩት ሰዎች አገልግሎትም በትርኢት ማስረጃና በምስክር የሚታይበት መንገድ ካለ፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቅርባችሁ ደግፉን። ይህ የመጨረሻው ከባዱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በአንድ ቀን ይፈጸም አልልም፤ ግን ጥያቄው እንዲነሳ እፈልጋለሁ።

እኛም እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅም። የልጆቹ ወላጆች ለኮምፔንሳቶው መዋጮ ለመጀመር ተስማምተዋል፤ ከመካከላቸው አንድ አናጢ የወለሉን ንድፍ በነፃ ሠርቶልናል። የጎደለን ወለሉን የምናነጥፍበት፣ በየሳምንቱ የማንፈናቀልበት አዳራሽ ነው። ንድፉን ከዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ጋር ለወረዳችን ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከኃላፊዎች አንዱ ወደ ኮሙናሉ ቢመጣ ልጆቹ ሲሠሩ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ስለ አዳራሹ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቦሌ አራብሳ፣ አንዲት ተወዛዋዥና የዳንስ መምህርት